የወለላ ድድ

በድብ ባሕርና በዙሪያዋ ድዷ የጠቆረ ቆንጆ ካያችሁ፣ የነቀስኳት እኔ ሐረገወይን ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ሙሽራ ከመዳሯ በፊት እኔ ጋ ትመጣለች፤ ድዷ የሚደማ ሴትም እኔ ጋ ትመጣለች፤ ንቅሳት ደም ያቆማል ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ስለዚህ የገዛ ልጄ ወለላ፣ የስድስት ወር እርጉዝ ሆና፣ ጥርሷን በፋቀች ቁጥር ደም መትፋት ስትጀምር፣ መድኃኒቱ ከቤቷ አለ አልኩ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ግን ሌላ ነገር ይዛ መጣች። "ጎንደር ወስዳችሁ የጥርስ ሐኪም አሳዩዋት። የድድ ሕመም ለጽንሱም አይበጅም፤ ያለ ጊዜው ሊወለድ ይችላል" አለች።

"ምነው ልጄ፣ ልጅ በአፍ ነው እንዴ የሚወለድ?" ብዬ ሰው አሳቅሁባት። ኩራት እራት ነው ይባል የለ? እኔም ጠግቤ ነበር።

"እማ፣ ብሄድስ?" አለችኝ ወለላ፣ አንዴ ብቻ አይደለም፣ ሁለቴ።

"የነቃሿ ልጅ ድዷን አሟት ጎንደር ሄደች ይባልልኝ?" ብዬ ተቆጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ደጅ አስቀምጬ በመርፌና በጥቀርሻ ነቀስኳት። አልጮኸችም፤ ቀሚሴን ብቻ ጨምድዳ ያዘች። ስጨርስ መስታወት ሰጠኋት። ቅላቱ ጠፍቶ ድዷ እንደ ኑግ ጠቁሯል። ሸጋ ነበር።

የሸፈንኩት ግን ቅላቱን ብቻ ነው። በሳምንቱ ጉንጯ አበጠ፣ ትኩሳት ያዛት። "ንቅሳት ሲጀምር እንዲህ ነው" እያልኩ አራት ቀን አቆየኋት። በአምስተኛው ቀን የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ፤ ገና ሰባተኛ ወሯን መያዟ ነው። ባሏ ወንዴ መኪና ለምኖ ጎንደር አደረሰን። መንገዱን ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶኝ የወለላን ራስ ደግፎ ተቀመጠ።

ሴት ልጅ ተወለደች፤ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም። ማሞቂያ ውስጥ አስገቧት። በመስታወቱ ሆዷ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ፤ ትንሽ ከዘገየ የእኔም ትንፋሽ ይቆማል። ጸሎት እንኳ አልወጣ አለኝ። ምን ብዬ እለምናለሁ?

በሁለተኛው ቀን ፋሲካ የምትባል ወጣት የጥርስ ሐኪም ወለላ አልጋ አጠገብ መጣች። ባትሪ አብርታ ድዷን በጨርቅ ጫን ስታደርገው መግል ወጣ።

"ከጥቁሩ ሥር አመርቅዟል። ማን ነው የነቀሰሽ?"

ወለላ እኔን አላየችኝም። "ገበያ ያገኘኋት ሴት ናት። ስሟን አላውቀውም" አለች።

ልጄ ውሸት አታውቅም ነበር። እኔም ዝም አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

"ሕፃኗ የቸኮለችው በዚህ ነው?" አለ ወንዴ።

"በዚህ ብቻ ነው ማለት አልችልም፤ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ግን ድዳቸውን የሚያማቸው እናቶች ያለ ጊዜያቸው ሲወልዱ በብዛት እናያለን። በታመመ ድድ ላይ መርፌ ደግሞ..." አልጨረሰችውም። "ያችን ሴት ካገኛችኋት፣ ሁለተኛ እርጉዝ እንዳትነካ ንገሯት።"

ወንዴ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። ያውቃል፤ ለወለላ ሲል ነው ዝም ያለው።

"ሰምታለች" አልኩ። "እኔ ነኝ ዶክተር፤ እናቷ ነኝ የነቀስኳት።"

"ምነው እማ፣ ዝም ብትይ?" አለች ወለላ፣ ባበጠ አፏ።