የሙሽራዋ መኪና ቢጫ መብራት

"ነገር አታስረዝሚ፣ አምፖሏን ብቻ ንቀይልኝ።"

አያልነሽ ጭንቅላቷን ከቀዩ የስፖርት መኪና የፊት ወንበር ሥር አስገብታ ገመድ እየተከተለች ነበር። ድምፁን ስትሰማ ገመዱን ለቀቀች። ይህን ትእዛዝ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በዚሁ ድምፅ፣ በዚሁ ችኮላ ሰምታዋለች። ቀስ ብላ ወጣች። ሱፍ ለብሶ፣ ደረቱ ላይ ነጭ አበባ ሰክቶ የቆመው የቀድሞ አለቃዋ አቶ ጎደፋ ነው።

"ኣንቲ! አያልነሽ?" አለ። ፊቱ ለመሳቅ ይሁን ለመሸሽ ገና አልወሰነም። "እዚህ ነሽ እንዴ ያለሽው? ጓለይ፣ እግዚአብሔር ነው ያገናኘን!"

"ረዳኢ ነው የደወለልኝ።"

ጎሚስታው ረዳኢ ከጎማ ክምሩ ላይ ሆኖ እጁን አነሳ። ወደ ኲሓ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎን ለጎን ነው የሚሠሩት፤ እሱ ጎማ፣ እሷ የመኪና ኤሌክትሪክ። እሁድ ጠዋት ክፍት ጋራዥ አጥቶ ሲንከራተት የነበረውን ባለሱፍ ያስቆመውም፣ እሷን ከቤቷ የጠራትም እሱ ነው።

አቶ ጎደፋ ችግሩን እንደ ስብሰባ አጀንዳ ዘረዘረው። ልጁ ሔሩይ ዛሬ ያገባል። መኪናዋን ለሠርጉ የተዋሳት ከአማቹ ነው። ሙሽሪት ኣርሴማ አምስት ሰዓት ላይ ከፀጉር ቤት ትወጣለች። አቶ ጎደፋ የሚሠራበት ኮሌጅ ዲን የክብር እንግዳ ናቸው። ዳሽቦርዱ ላይ ግን ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ቢጫ መብራት፣ የጭስ ማውጫ ግሏል የምትለዋ፣ በርታ ቀርታለች።

"ቪዲዮ አንሺው ደግሞ ዳሽቦርዱን ሳይቀር ነው የሚያነሳው" አለ በምሬት።

አያልነሽ መሪው ጋ ገብታ ተቀመጠች። ከሦስት ዓመት በፊት እሱ የኮሌጁ ጋራዥ ኃላፊ፣ እሷ ቴክኒሺያን ነበሩ። የአንድ ፒክአፕ መብራት እንደዚሁ በርቶ ነበር። ሦስት ጊዜ "አይሆንም፣ ይቃጠላል" አለችው። ሦስት ጊዜ "ንቀይ" አላት። ነቀለች። በሁለተኛው ሳምንት ፒክአፑ መንገድ ላይ ነደደ፤ ሹፌሩ ዘሎ ተረፈ። ትእዛዙን በአፉ የሰጠው ሰውዬ ጥፋቱን ግን በደብዳቤ ጻፈ፦ "በቴክኒሺያኗ ከባድ ቸልተኝነት"። ማኅተሙ እንኳ ሁለት ነበር፤ ከሥራ የተባረረችውም በዚያ ደብዳቤ ነው። ከዚያ ወዲህ አምስት ቦታ ለሥራ አመለከተች፤ አምስቱም ደብዳቤውን ሲያዩ "እንደውልልሻለን" አሏት።

ሞተሩን አስነሳች። መኪናዋ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠች።

"ትናንት ሞተሩን አሳጥበዋል?"

"ሠርግ እኮ ነው! በፓምፕ ነው ያሳጠብኩት። ኮፋኖው ቢከፈት እንኳ ሞተሩ እንዲያብረቀርቅ ብዬ።"

ስልኩ ጮኸ። ጀርባውን ሰጥቶ "መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ" እያለ ወደ አስፋልቱ ራቀ።

አያልነሽ ኮፋኖውን ከፈተች። እንደገመተችው ነው። ውሃ ለካንዴላ ኮረንቲ የሚሰጠው አንዱ ቦቢና ውስጥ ገብቶ አንድ ካንዴላ ብልጭታ መስጠት አቁሟል። ሳይቃጠል ያለፈው ቤንዚን የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ እየነደደ ነው፤ ሙሽራዋ የምትቀመጥበት ወንበር ሥር ያለው ምንጣፍ ከወዲሁ መሽተት ጀምሯል። የረዳኢን የአየር ቱቦ ስባ ውሃውን ነፋች፣ አደረቀች፣ መልሳ ገጠመች። ሞተሩ ተረጋጋ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቢጫዋ መብራት በራሷ ጊዜ ጠፋች።

እዚህ ላይ ሰውዬውን መጥራት ነበረባት።

የመሣሪያ ሳጥኗ ወለል ላይ የተነጠፈውን ካርቶን ገለጠች። ያ ደብዳቤ አለ፤ ሁለት ገጽ፣ በአንድ አግራፍ የተያዘ። አግራፉን ነቅላ አቃናችው፣ ወንበሩ ሥር ገብታ የጭስ ማውጫውን ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር ሶኬት ፈታችና ሁለቱን ቀዳዳዎች በአግራፉ አገናኘቻቸው። መብራቷ ቦግ አለች።

"ኣንቲ ጓል! ጠፍታ አልነበር?" አለ ረዳኢ።

"አንተ ጎማህን ንፋ።"

አቶ ጎደፋ እያለከለከ ተመለሰ። "ወይለይ! አሁንም?"

"አሁንም።"

"አምፖሏን አውጪያት አልኩሽ እኮ!"

"ማን አዘዘሽ ስባል ማን ልበል?"

"እኔ ነኛ!"

"እንግዲያው ይጻፉልኝ። ከፒክአፑ ይጀምሩ።"

ፊቱ ከመኪናው ቀለም ጋር ተመሳሰለ። "ዛሬ? በልጄ ሠርግ ቀን?"

"እኔ አልቸኩልም። ፀጉር የተሠራሁ ሰው አይደለሁም።"

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ኣርሴማ ወጥታለች፤ በር ላይ ቆማ እየጠበቀች ነው። ሰውዬው እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ መዘዘ፣ ኮፋኖው ላይ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። አያልነሽ ከትከሻው ኋላ ሆና አነበበች።

"ኮሚቴው ወሰነ ይላል። የትኛው ኮሚቴ? እኔና እርስዎ ብቻ ነበርን።"

"ያው ነው እኮ..."

"ሓቁን ጻፍ ኣቦይ፣ ፀሐይዋ መረረች" አለ ረዳኢ።

ሰርዞ እንደገና ጻፈ፦ "የፒክአፑ መብራት እንዲነቀል ያዘዝኩት እኔ ጎደፋ ነኝ። ቴክኒሺያኗ ሦስት ጊዜ ተቃውማለች።" ፈረመ። ከልምድ ብዛት ፊርማው ያምር ነበር። ረዳኢም በጥቁር አውራ ጣቱ የወረቀቱን ጥግ አበላሽቶ ምስክር ሆነ።

አያልነሽ ወንበሩ ሥር ገባች፣ አግራፉን አወጣች፣ ሶኬቱን ገጠመች። መብራቷ ጠፋች።

"ይኸው ነው? ይህን ያህል ቀላል ነበር?"

"ቀላል ነበር። ምንጣፉም ሞተሩም ደህና ነው፤ ሙሽራዋ ትቀመጥበት።"

"ስንት ልክፈል?"

"ከፍለዋል።"

መሪውን ይዞ በመስኮቱ ብቅ አለ። "አያልነሽ፣ ያንን ወረቀት ቅደጂው እሺ? እንደ ቤተሰብ ነን። ሠርጉም ላይ ብቅ በይ፤ አዳራሹ ሓወልቲ ነው።" የማይመጣ ሰው እንደሚጋበዘው ነበር የጋበዛት።

"እመጣለሁ" አለች።

ቀይዋ መኪና ሳትንቀጠቀጥ ሄደች። አያልነሽ እጇን በኦሞ ታጠበች። አግራፉን በጥርሷ እንደነበረው አጥፋ የድሮውን ደብዳቤና አዲሱን ወረቀት አንድ ላይ ያዘችበት። ከዚያ ከጎን ካለው ሱቅ ሁለት የወርቅ ቀለበት የታተመበት የስጦታ ፖስታ ገዝታ ወረቀቶቹን ከተተች።

"ለሙሽሮቹ ነው?" አለ ረዳኢ።

ፖስታው ላይ "ለ" ከሚለው ቀጥሎ "ኮሌጁ ዲን" ብላ ጻፈች፤ "ከ" ከሚለው ቀጥሎ "አቶ ጎደፋ"። ባጃጅ ለማስቆም እጇን አነሳች።