የመጀመሪያዋ ገጽ

የሶላር ፋብሪካው ባለቤት በበሩ ብቅ ሲል ለቅሶ ቤቱ ጸጥ አለ። የሟቹ ልጅ የሻይ ትሪውን እንደያዘች ባለችበት ቆመች። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

"ምን ዓይን አለውና መጣ?" አለች አንዷ ጎረቤት።

"እሱ ምን አደረገ? ያከሰረው ሟቹ አይደል እንዴ!" ብላ ሌላዋ አንሾካሾከች። ማንሾካሾክ ከተባለ ነው፤ ጓዳ ድረስ ተሰምቷል።

ሟቹን ሰፈሩ "ቻይናው" ነበር የሚለው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራው የቻይናን ፋብሪካዎች ማጥናት፣ የትኛው መንግሥት ከየትኛው ጋር እንደተኳረፈና ኩርፊያው መቼ ቀረጥ ሆኖ እንደሚመጣ ለነጋዴዎች መንገር ነበር። ቋንቋውን ያነባል፤ መግለጫ ላይ የሚወጣ ቁጥር ግን አያምንም። የፋብሪካዎቹን የሥራ ማስታወቂያ ነበር የሚለቅመው። "በያጅ ትቶ ዘበኛ ብቻ የሚፈልግ ፋብሪካ ነፍሱ ወጥታለች፣ ሬሳውን እያስጠበቀ ነው" ይልና ይስቃል። ነጋዴ ሲቆጣው ደግሞ "ፊት የተናገረን ሰው ይጠላዋል፣ ፊት የበቀለን ወፍ ይበላዋል" ብሎ ያልፈዋል።

ልጁ ትምህርቷን እንደጨረሰች አጠገቡ ጠረጴዛ ሰጣት። እሱ ዘጠና ገጽ ይጽፋል፤ እሷ ዘጠናውን አንድ ገጽ አድርጋ ፊት ላይ ታስቀምጣለች። ደንበኞች የሚያነቡት ያቺኑ አንዷን ነበር።

ባለፋብሪካው ከቻይና ዕቃ እያስመጣ፣ ሶላር እየገጣጠመ ወደ ውጭ ይልክ ነበር። ሁለተኛ ፋብሪካ መክፈት አሰበና ጥናት አዘዘ። አባቷ ጻፈ፦ ሶላሩን የሚገዙት አገሮች የቻይና ዕቃ በጓሮ በር እየገባብን ነው ብለው ዓመት ሳይሞላ ቀረጥ ይጥላሉ፤ ስጋቱ ከፍተኛ ነው። ልጅቷ ግን ሰውዬውን ትወደው ነበር። የአዲሱን ፋብሪካ ንድፍ ቢሮ ድረስ ይዞ መጥቶ እንደ ሕፃን ሲያሳያት አይታዋለች። ምኞቱን በአንድ ቃል መግደል ከበዳትና ፊተኛዋ ገጽ ላይ "ከፍተኛ" የሚለውን "መካከለኛ" አደረገችው። ዝርዝሩን ውስጥ ያገኘዋል ብላ ነው። አባቷም ልጁን አምኖ፣ ሳያነብ ፈረመ።

ሰውዬው ሁለተኛውን ፋብሪካ ጀመረ፤ ቀረጡ በስምንተኛው ወር መጣ። ሦስት መቶ ሰው ከሥራ ተባረረ፤ የእናቷ ታናሽ ወንድምም አንዱ ነበር። አባቷ ገጿን አውጥቶ የተቀየረውን ቃል አየ። "ፊርማው የኔ ነው" አላት። "እናትሽ እንዳትሰማ።" ከዚያ ወዲያ የቢሮው ስልክ አልጮኸም። ቀረጡ በመጣ በስድስተኛው ወር ባዶ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ያገኘችው እሷ ነች።

ባለፋብሪካው እናትየው አጠገብ ተቀመጠ።

"እትዬ፣ እግዜር ያጽናዎት። አንድ ነገር ተናግሬ ልሂድ። እኔ ይቅር ብዬዋለሁ። ሰው ነው፣ ተሳሳተ።"

እናትየው አንገቷን ደፋች። "እግዜር ይስጥልኝ" አለች።

ልጅቷ ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አባቷ እንደተሳሳተ ይቀራል፣ እሷም ሻይዋን ታድላለች። አፈረች፤ ከሐዘኑ ይልቅ እፍረቱ አንገበገባት። ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

"ይቅር አይበሉት" አለችው። "አባዬ አልተሳሳተም። ስጋቱ ከፍተኛ ነው ብሎ ነው የጻፈው። ፊተኛዋን ገጽ የጻፍኳት እኔ ነኝ። ቃሉን የቀየርኩት እኔ ነኝ።"

"ከፍተኛ የሚለው ውስጡ ነበረ?" አላት ሰውዬው።

"አርባ አንደኛው ገጽ ላይ።"

"አንድም ቀን ገልጬው አላውቅም" አለ። ተነስቶ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ጎረቤቶቹም አንድ በአንድ ተከተሉት።

"አባትሽ ያውቅ ነበር?" አለች እናትየው።

"ያውቅ ነበር።"

"ወንድሜን አስራብክ እያልኩ ስድስት ወር ሙሉ ስሰድበው፣ እያወቀ ዝም አለኝ?"

እናትየው ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳችና ወደ መኝታ ቤት ገባች። ልጅቷ እስከ በሩ ተከተለቻት፤ ከዚያ ማለፍ ግን አልደፈረችም። እናትየው ወንድሟ ከተባረረ ጀምሮ የምትተኛው ለባሏ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር። አሁን ጫማዋን አወለቀች፤ አልጋው ላይ በራሷ ቦታ ጋደም አለችና ወደ እሱ ባዶ ቦታ ዞረች።