የቅዳሜው ስም ጥሪ

«ሊድያ ጃለታ» ብለው ድምፃቸውን በቴሌግራም ከላኩ በኋላ ለጋሽ መሸሻ የመጣላቸው መልስ አስደነገጣቸው። «አቤት» ይላል። ግን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አቤት አይደለም። ወፍራም፣ ሻካራ፣ ከኋላው ብረት በብረት ሲቀጠቀጥ የሚሰማበት አቤት ነው። ስልኩን ከጆሯቸው አራቁና ደግመው አዳመጡት። ያው ነው።

«ንግሥት፣ ይቺን ልጅ ጉንፋን ብቻ አይደለም የያዛት» አሉ ወደ ባለቤታቸው ዞረው። ከዚያም ስልኩን እንደገና ወደ አፋቸው አስጠጉና ለሊድያ ለብ ያለ ውሃ በጨው እንድትጉመጠመጥ፣ አንገቷን በሻርፕ እንድትሸፍን፣ ብረት የሚቀጠቀጥበት አካባቢም እንዳትቀመጥ ረዘም አድርገው መከሯት። «እሺ ቲቸር» አለ ያ ወፍራም ድምፅ፣ ትንሽ ግራ ተጋብቶ።

ቀጥሎ ዮፍታሔን ጠሩ። ዮፍታሔ ደግሞ በሴት ድምፅ አቤት አለ፤ ያውም ወፍጮ እየጮኸ። የወንድ ልጅ ድምፅ በዚህ ዕድሜ እንደሚለወጥ ጋሽ መሸሻ ያውቃሉ፤ ወደዚህኛው በኩል ሲለወጥ ግን አይተው አያውቁም። እንደ መምህር አንድ ነገር ማለት ስለነበረባቸው፣ በትምህርት ዘመን ወፍጮ ቤት መዋል ደግ እንዳልሆነ ተናግረው አለፉ። የቀሩት አብዛኞቹ ድምፅ አልላኩም፤ አውራ ጣት፣ የሚስቅ ፊት፣ አንዱ እንዲያውም የሚጨፍር ድመት ላከ። ጋሽ መሸሻ በሥዕል አቤት አይባልም ብለው ሁሉንም ቀሪ አደረጓቸው። ስም ጥሪው ሲያልቅ ከሃምሳ አራቱ የ7ኛ ለ ተማሪዎች የተገኙት አሥራ ዘጠኝ ነበሩ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው ይህ ሁሉ። ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው። ቴሌግራም ላይ ስም ጥሪ የሚያካሂድ መምህር ከጉለሌ ውጭ ይኑር አይኑር አይታወቅም። ለጋሽ መሸሻ ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ ክፍል ከሆነ ስም ይጠራል፣ ስም ካልተጠራ ክፍል አይደለም።

ወደዚህ ያደረሳቸው ጭንቅ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረዋል። ካርታ ሳያዩ የአፍሪካን ጠርዝ በጠመኔ ይስላሉ፣ ማዳጋስካርን እንኳን አይረሱም። ችግራቸው አንድ ብቻ ነው፤ ወሬ ይወዳሉ። ስለ ነፋስ ይጀምሩና በ1977 ስለነበረው ድርቅ ገብተው፣ ከዚያ ስለ አንድ የሞተ ጓደኛቸው በቅሎ አንስተው፣ ደወሉ ሲደወል ነፋሱ ገና አልነፈሰም። የድሮ ተማሪ እጁን አጣምሮ ይሰማቸው ነበር። የዘንድሮዎቹ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ዓይናቸው ይፈዛል። አምና ከክፍለ ከተማ የመጣ ሱፐርቫይዘር ቅጹ ላይ «መምህሩ ያወራሉ፣ ተማሪው ያንቀላፋል» ብሎ ጽፎባቸው ሄደ።

ርእሰ መምህሯ ሠርካዲስ ድሮ የጋሽ መሸሻ ተማሪ ነበረች። በዚህ የተነሳ ቢሮ ውስጥ «እርስዎ» ይሏታል፣ ኮሪደር ላይ «አንቺ»። መጀመሪያ ሁለት ቀን ሥልጠና ላከቻቸው። እዚያ አንድ ላፕቶፕ የያዘ ወጣት የዛሬ ልጅ ስክሪን እያየ እንዳደገ፣ ትኩረቱ አጭር እንደሆነ አስረዳና «ልጁ ወዳለበት ሂዱ» ብሎ ጨረሰ። ሌሎቹ መምህራን ማስታወሻቸው ላይ ጽፈው ውሎ አበላቸውን ተቀብለው ሄዱ። ጋሽ መሸሻ ግን የተባሉትን በትክክል የሚፈጽሙ ሰው ናቸው። ልጁ የት ነው? ስልክ ውስጥ። እንግዲያው ስልክ ውስጥ ይገባል።

ከሥልጠናው መልስ ሠርካዲስ ማክሰኞ ሱፐርቫይዘሩ ተመልሶ እንደሚመጣ ነገረቻቸው። እንደ አምናው ከሆነ ግን ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ ላይብረሪ ቢሆኑ ይሻላል፣ ወንበር አለ፣ ፀጥታም አለ አለቻቸው፤ በደግነት። ያን ዕለት ጋሽ መሸሻ ምሳ አልበሉም። ወንበሩስ ይሁን፤ ፀጥታው ነው ያስፈራቸው።

እና ስም ጥሪው እንዳበቃ መዝገቡን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወደ ዓሊማ ሱቅ ወረዱ። የክፍሉን የቴሌግራም ግሩፕ የከፈተችላቸው የዓሊማ ልጅ ሀያም ናት፤ የ7ኛ ለ ተማሪ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷን ሚዛን ላይ የምታግዝ። የሊድያን ድምፅ አሰሟት። ሀያም አፏን በሻሿ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አዩ።

«ቲቸር፣ ስልኩ እኮ የልጆቹ አይደለም» አለች ሳቋን ስትጨርስ።

ቀስ አድርጋ አስረዳቻቸው። ከክፍሉ የራሱ ስልክ ያለው አምስትም አይሞላ። የቀረው ማታ አባቱ እራት ሲበላ፣ ወይ እናቱ ስትጸልይ ነው ስልክ የሚያገኘው። ግሩፑ ውስጥ የገባው የወላጅ ስልክ ነው። ወፍራሙ ድምፅ የሊድያ አባት ጃለታ ነው፤ አዲሱ ገበያ ጎሚስታ የሚሠራው። የወፍጮ ቤቷ የዮፍታሔ እናት ማሚቴ ናት። የልጃቸው ስም ሲጠራ ሰሙ፣ ዝም ካሉ ልጁ ቀሪ ሊባል ነው፣ ታዲያ ምን ያድርጉ?

«እኔም አቤት ብያለሁ» አለች ዓሊማ ከስኳር ከረጢቱ ኋላ ሆና። «ሀያም ተኝታ ነበር።»

ጋሽ መሸሻ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። ጎማ ጠጋኙን በጨው ተጉመጥመጥ ብለውታል። የወፍጮ ቤቷን ሴትዮ ሥራሽን ትተሽ አጥኚ ብለዋታል፣ እሷም እሺ ብላለች። ይሄ ቢያሳፍርም ያልፋል። የማያልፈው ማክሰኞ ነው፤ ልጆቹ ስልኩ ውስጥም የሉም ማለት ነው። ሀያምን፣ እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ሐኪም፣ ምን ባደርግ ትሰሙኛላችሁ ብለው ጠየቋት።

ልጅቷ እናቷን አየች፣ እሳቸውን አየች።

«እንዳይቀየሙኝ ቲቸር። እኛ ቪዲዮ ሲረዝም በአውራ ጣት ወደ ላይ ገፋ እናደርገዋለን፣ ያልፋል። እርስዎን ግን ማሳለፍ አይቻልም።»

ዓሊማ ትከሻዋን መታ አደረገቻት። ጋሽ መሸሻ ግን አልተቀየሙም፤ ለስንት ደቂቃ ቢሆን እንደሚታገሱ ጠየቁ። አንድ፣ አለች። ለዓባይ ተፋሰስ አንድ ደቂቃ መስጠት ለሰማይም ለምድርም የሚከብድ ግፍ መሰላቸው፤ ቢሆንም መዝገባቸው ጀርባ ላይ «1» ብለው ጻፉ።

ከሰዓት በኋላ ለግሩፑ የይቅርታ መልእክት ላኩ። ወላጆችን በልጅ ስም በመቆጣታቸው ማዘናቸውን፣ አቶ ጃለታም ጨዉን እንዲተዉት ተናገሩ። እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረ ሰው ፊቱ ሰው ተሰብስቦ ሳይጠይቅ አይለቅም። ለማክሰኞ የተዘጋጁበት ትምህርት የውሃ መለያ፣ ዝናብ ወደ ሁለት ወንዝ የሚከፈልበት ከፍታ፣ ነበርና፣ እንጦጦ ላይ የዘነበ ዝናብ ወዴት ነው የሚሄደው ብለው ጠየቁ። ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ መልስ ላኩልኝ አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ስልካቸው ሞልቶ ጠበቃቸው። አንዱ ወደ ቀጨኔ ወንዝ ይላል፤ አንዱ ወደ ጎረቤቴ ሳሎን ይላል። ጃለታ መልስ አልሰጠም፤ ይልቅ ጥያቄ ጠየቀ። ማሚቴ ግን፣ ወፍጮው ቆሞላት ሳይሆን አይቀርም፣ በለሆሳስ ነበር የተናገረችው። ጋሽ መሸሻ ሦስት ጊዜ ሰሟት። ከዚያ ንግሥትን ከጓዳ ጠርተው አራተኛ ጊዜ ሰሟት።

ማክሰኞ አራተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ሠርካዲስና ሱፐርቫይዘሩ አክሊል ገብተው የኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። አክሊል የአምናውን የሚመስል ቅጽ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለተማሪ ስልክ ክልክል ነው፤ በክፍሉ የነበረው የጋሽ መሸሻ ስልክ ብቻ ነበር፤ አጠገቡ ደግሞ ከዓሊማ ሱቅ የተዋሱት ብርቱካን የምታህል ክብ ስፒከር።

አጀማመራቸው ደህና ነበር። የእንጦጦን ጀርባ በጠመኔ አሰመሩና ይህ ጣራ ነው፣ ውሃ በሁለት በኩል ያወርዳል አሉ። ወዲያው ግን ያ አመላቸው መጣ። ከጣራው ወደ ቆርቆሮ ዋጋ፣ ከቆርቆሮው ወደ ሣር ክዳን፣ ከሣር ክዳኑ አጎታቸው ሱሉልታ ወደ ሠሩት ቤት ተሻገሩ። አክሊል ቅጹ ላይ መጻፍ ጀመረ። ሠርካዲስ ጫማዋን ትመለከታለች። የአጎታቸው በር ላይ ሲደርሱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ዓይናቸው አረፈ። ሀያም ፊቷን ሳታዞር፣ አውራ ጣቷን ዴስኩ ላይ ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ገፋች።

ጋሽ መሸሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አጎታቸውን እዚያው በር ላይ ትተው ስልኩን ነኩ።

«እኔ የዮፍታሔ እናት ነኝ» አለ ስፒከሩ።

ዮፍታሔ ከዴስኩ ሥር ገባ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሳቁ ቆመ፣ ሴትየዋ ቀጥላ ነበርና።

«ልጅ ሆኜ እንጦጦ ላይ እንጨት እለቅም ነበር። ጉም ሲወርድ ዛፉ ሁሉ አንድ ይሆናል፣ ቤትሽ በየት እንደሆነ አታውቂም። ታላላቆቻችን እግርሽ ሥር ያለውን ውሃ እዪ ይሉን ነበር። ዝናቡ ወደ ቀኝ ሲወርድ ካየን ወደ ሱሉልታ ነው፣ እሱን ከተከተልሽ ሌላ አገር ታድሪያለሽ። ወደ ግራ ሲወርድ ግን እሱ የኛ ነው፣ ቀጨኔ ድረስ ያደርስሻል። አንዳንዴ በሁለቱ መካከል ያለው አንድ እርምጃ ነው። በቃ ይሄው ነው ቲቸር፣ ደቂቃው ሞላብኝ መሰለኝ።»

ሃምሳ ሦስት ልጅ ስፒከሩ ላይ አፈጠጠ። ሃምሳ አራተኛው ከዴስኩ ሥር ቀስ ብሎ ወጣ፣ ጆሮው እንደቀላ። እናቱ እንጨት ትለቅም እንደነበር ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ አሁን ደግሞ ሁሉም ዞሮ የሚያየው ትልቅ ነገር እንደደበቃቸው ሰው ነው።

«እስቲ ሴትየዋን ይድገሙልን» አለ አክሊል ከኋላ። እስክሪብቶው ከቆመ ቆይቷል።

ደገሙላቸው። ከዚያ ጋሽ መሸሻ ያንን የአንድ እርምጃ ቦታ ሰሌዳው ላይ ነጥብ አድርገው፣ አንዱ ጠብታ በሙገር አድርጎ ዓባይ እንደሚገባ፣ ሌላው በአቃቂ አድርጎ አዋሽ እንደሚገባና ባሕር ሳያይ አፋር ላይ እንደሚቀር ተናገሩ። ሃምሳ ሰከንድ ፈጀባቸው። በሕይወታቸው እንዲህ አጭር ተናግረው አያውቁም፤ ሲጨርሱ ትንሽ ደክሟቸው ነበር።

የቀረው የጃለታ ጥያቄ ነበር፤ እሱንም በስፒከሩ አሰሙ። ነሐሴ ላይ ጎርፍ ጎሚስታ ቤቱ ገብቶ ጎማዎቹን ይዞበት ወርዶ ነበርና፣ ጎማዎቼን የትኛው ወንዝ ጋ ልፈልጋቸው ብሎ ጠይቋል። መልእክቱ መጨረሻ ላይ ለሠራተኛው ክሪኩን አቀብለኝ የሚለውም አብሮ ገብቷል። ልጆቹ እጃቸውን ማውጣቱንም ረስተው ተሻሙ። አንዱ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ነው የሚይዛቸው አለ፤ ሌላው ጎማ ስለሚንሳፈፍ አዋሽ ድረስ ይሄዳል አለ፤ ሰሌዳው ላይ ወጥተው መንገዱን በጣታቸው ተከተሉ። በመጨረሻ ሊድያ ስልኩን ተቀብላ፣ አባቷን እንደ ትንሽ ወንድሟ ቀስ አድርጋ አስረድታ ድምፁን ላከችለት። ጋሽ መሸሻ መስኮቱ ጋ ቆመው ነበር። ደወሉ ሲደወል ማንም አልተነሳም፤ እሳቸውም ቢሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨማሪ ደቂቃ አልጠየቁም።

ቢሮ ሲጠሩ ኮታቸውን ቆልፈው ገቡ። ሠርካዲስ ቅጹን ይዛለች፤ አክሊል ለሌላ ትምህርት ቤት ቸኩሎ ሄዷል። ላይብረሪው የሚከፈተው ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቋት፤ እሷ ሳታነሳው ራሳቸው ለመቅደም ነው።

«የስክሪን አጠቃቀም የሚለው ላይ ዜሮ ነው የሰጠዎት» አለች። «የተማሪ ተሳትፎ የሚለው ላይ ግን ቁጥር አልሞላም። ‹ክፍሉ ከሚይዘው በላይ› ብሎ ጽፏል። አሁን ይሄንን እኔ ኮምፒውተሩ ውስጥ ምን ብዬ ነው የማስገባው?»

ጋሽ መሸሻ ኮሪደር ላይ አለመሆናቸውን ረሱት። «አንቺ ልጅ፣ ላይብረሪ ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

«አይደሉም። ለመጻሕፍቱም እኮ ፀጥታ ያስፈልጋቸዋል።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ጠረጉት። ከዚያ የሚይዙት ነገር ስለጠፋቸው መዝገባቸውን ገልጠው የዕለቱን መሙላት ጀመሩ። በዚህ መሐል ዘበኛው ዋቅቶላ በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ። በር ላይ እጁ በግራሶ የተበከለ አንድ ሰውዬ ቆሟል አለ፤ ጃለታ እባላለሁ ይላል። ልጁ የላከችለትን ሰምቶ፣ ጎሚስታውን ለሠራተኛው ትቶ መጥቷል። የቀረውን ቁጭ ብዬ ልማር ነው የሚለው፣ እምቢ ብለውም አልሄድ አለ፣ ምን ልበለው?

ሠርካዲስ ወደ ጋሽ መሸሻ ዞረች። እሳቸው ከመዝገቡ ላይ ቀና አላሉም።

«አርፍዷል። ወላጅ ይዞ ይምጣ።»