ሁለተኛ ዓይን

ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ሲበረታ የአትላንቲክ ወፎች ወደ ሮስ ገደል ተገፍተው ይመጣሉ። ያን ቀን ጠዋት እኛ ወፍ ተመልካቾች በዝናብ ድንጋዩ ላይ ተደርድረን ባሕሩን በቴሌስኮፕ እናይ ነበር።

ፊንታን በስተቀኜ ተቀምጧል። ከጎልማሳነታችን ጀምሮ እዚያው አብረን ነን። አምና ከደቡብ ደሴቶች የምትመጣዋን ብርቅ ግራጫ ወፍ አየሁ ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹ ሲያይዋት ገደላችን ላይ ሁሌ የምትታየው ፉልማር የምትባል ተራ ወፍ ሆና ተገኘች። ከዚያ ወዲህ መሳቂያ ነው። እኛ ዘንድ ብርቅ ወፍ ሁለተኛ ዓይን፣ የሌላ ሰው ዓይን፣ ካላያት እንደታየች አትቆጠርም። ጠዋት ስንመጣ መኪናው ውስጥ፣ "ዘንድሮም ካላመኑኝ ሁለተኛ አልመጣም" ብሎኛል።

"መጣች!" አለ ድንገት። "ከቀዩ ተንሳፋፊ በስተቀኝ፣ ወደ ግራ እየሄደች ነው! ግራጫዋ!"

"ዛሬ ደግሞ የማን ዶሮ አምልጣ ነው?" አለ ማላኪ፣ ከፔርሙሱ ሻይ እየቀዳ። ከመካከላችን ቃሉ የሚሰማ እሱ ነው። ሌሎቹ ሳቁ። ቴሌስኮፑን ያዞረ የለም።

እኔ አዞርኩ። ባሕሩ ላይ ለመርከቦች ምልክት የታሰረውን ተንሳፋፊ እንዳገኘሁት ማዕበል ሸፈነው።

"የታለች?"

"አለፈችው! ክንፏ ከሥሩ ጥቁር ነው፣ እያት! ከአረፋው በላይ!"

ዝናብ መስታወቱን መታው። በእጅጌዬ ጠረግኩት።

"አሁን ወጣች! አንተ፣ ምን ነካህ? ጫፉ ጋ ደረሰች እኮ!"

ከገደሉ ጫፍ ካለፈች ከዓይናችን ትሰወራለች፤ አለቀ። በሁለት ማዕበል መካከል አንድ ክንፍ ቀና ብሎ ወጣና ከማዕበሉ ጀርባ ተሰወረ። ጠበቅኩ። አልተመለሰም።

ፊንታን ዓይኑን ከቴሌስኮፑ አነሣ። "አየሃት፣ አይደል?"

ሳቁ ቆመ። ማላኪም ኩባያውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። "እስቲ አንተ ተናገር። አንተን እናምናለን።"

"ክንፍ አየሁ" አልኩ።

"የምን ክንፍ?"

ፊንታን አፌን አፌን ያያል።

"አላወቅሁም። ከሥሩ ጥቁር ይሁን አይሁን አላየሁም።"

ማላኪ ወደ ባሕሩ ተመለሰ። ፊንታን የቴሌስኮፑን መቆሚያ አጠፈ፤ አንዱ እግር አልታጠፍ ቢለው በጉልበቱ መታው። ተከተልኩት።

መኪናው ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ሳያዞር ተቀመጠ።

"ጅራቷ ግራጫ ነበር" አለ። "ጅራቷን እንኳ አላየህም?"

"አላየሁም።"

"አየሁ ብትል ምን ነበረበት?"

"አላየሁማ።" ወደ እሱ ዞሬ፣ "ግን አምንሃለሁ" አልኩት።

"ማመንህን ምን ላድርገው?" አለና ሞተሩን አስነሣ።