ከአጥሩ ማዶ የመጣ ዳቦ

አባቴ ሲሞት እናቴን «ላሞቹን ሽጪ» ያላላት ዘመድ አልነበረም። እሷ ግን «ሽጬስ ጠዋት ምን ልሠራ ነው የምነሳው?» ብላ ዝም አሰኘቻቸው። እኔም ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ስፈልግ በረት ውስጥ አገኘሁት። እሷ ታልባለች፤ እኔ ወተቱን በየቤቱ አደርሳለሁ። ከአጥራችን ማዶ ዳቦ ቤት ስለነበር የእበቱና የትኩሱ ዳቦ ሽታ ተደባልቆ ነበር የሚመጣው። ያን ዘመን ሳስብ ዛሬም አፍንጫዬ ነው የሚቀድመኝ።

አንድ ዓመት ዝናብ ቀረና በቆሎ ከገበያ ጠፋ። ለሰው ያልበቃ እህል ለከብት ከየት ይመጣል? ድርቆሽና ፉርሽካ ብቻ ሲቀር የላሞቹ ጎድን ወጣ፤ ወተቱም በግማሽ ወረደ። እናቴ የሰው ፊት እሳት ነው የምትል ሴት ነበረች። ያን ሰሞን ግን ጨክና ዳቦ ቤት ገባችና ያደረ ዳቦ ይኖር እንደሆን ጠየቀች።

ጋጋሪው ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ከሊጥ ጋር እንጂ ከሰው ጋር አያወራም የሚባልለት ዝምተኛ ነበር። በማግስቱ አንድ ጆንያ ደረቅ ዳቦ ራሱ ተሸክሞ መጣ። አሰጣነው፣ ወቀጥነው፣ በበቆሎው ፈንታ ከፉርሽካ ጋር ደባለቅነው። ወተቱ ወዲያው ጨመረ። እናቴም ደስ ብሏት እጇን ፈታች፤ በተለይ ለቦራ፣ አባቴ ከጥጃነቷ ላሳደጋት ላም።

ብዙም ሳይቆይ ቦራ ማመስኳት አቆመች። ተኛች፤ እበቷም ውሃ ሆነ። የከብት ሐኪሙ መጥቶ ሆዷን ገፋ ገፋ አድርጎ አዳመጠ። ዳቦ ጉልበት ቢሰጥም በአንዴ ሲበዛ ሆድ ውስጥ አሲድ እንደሚሆን ነገረን። ለጊዜው እንዲቀር፣ አሲዱን የሚያበርድ የመጋገሪያ ሶዳም በጥብጠን እንድናጠጣት አዘዘ። ወደፊት ድርቆሹ ይቅደም፣ ዳቦው በልክ ይሁን፣ ሶዳም አይለየው አለ።

ጋጋሪው ወሬውን ሰምቶ ቆቡን በእጁ ይዞ በረቱ በር ላይ ቆመ።

«የጎዳት የኔ ዳቦ ነው» አለ።

«ዳቦዎ ምን አደረገ? ያበዛሁት እኔ ነኝ» አለች እናቴ።

ሶዳውን ከዳቦ ቤቱ ጓዳ አመጣ። እኔ የቦራን አፍ ያዝኩ፤ እሱ በጠርሙስ እያደረገ አጠጣት። ከዚያ ሥራውን ትቶ ጭዱ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። አመሻሹ ላይ ቦራ ጉሮሮዋን ነቅነቅ አደረገችና ማመስኳት ጀመረች። አባቴን ስንቀብር እንባ ያልወጣት እናቴ ያኔ አለቀሰች። ጋጋሪው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረላት።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እየመጣ ዳቦውን የሚመጥነው፣ ሶዳውንም የሚነሰንሰው እሱ ሆነ። ላሞቹ አገገሙ። በቆሎም ወደ ገበያ ተመለሰ፤ ዳቦው ግን አልቀረም። ጎረቤት ማንሾካሾክ ሲጀምር እናቴን ጠየቅኋት።

«ላሞቹ ለምደውታል» አለች።

«ላሞቹ ብቻ?»

የወተት ማጥለያውን አራግፋ ሰቀለች። ከዚያ «አንቺ ቅር ካለሽ አይሆንም» አለችኝ።

በአባቴ ቦታ ሌላ ሰው መግባቱ አልከበደኝም ብል ውሸት ነው። ግን ያ ጭድ ላይ የዋለው ሰው ትዝ አለኝ።

«እንጀራ አባት ያለው ሞልቷል፤ የዳቦ አባት ያለኝ እኔ ብቻ እሆናለሁ» አልኳት። ሳቋ አጥር ዘሎ ማዶ ተሰማ።

«እርስዎ» መባባሉ በየትኛው ቀን እንደቀረ አላውቅም። አንድ ጠዋት ብቻ «ቶሎ ና፣ ሻይህ ቀዘቀዘ» ስትለው ሰማሁ።

ዛሬ ሁለቱም የሉም፤ በበረቱ ቦታም ፎቅ ቆሟል። እኔ ከከተማ ወጣ ብዬ ብዙ ላሞች አረባለሁ። መኖው ስቡም፣ እርሾውም፣ ማዕድኑም ተመጥኖ በጆንያ ታሽጎ ይመጣልኛል፤ ወተቱም ያኔ ያላለምነው ነው። ሲናፍቁኝ ግን የማስበው የተጋቡበትን ቀን ነው። ላም ሠርግ አያውቅምና ከእንግዶቹ መሀል ተነስተው ለማለብ በረት ገቡ። ሙሽራው «ዛሬስ እኔ ልለብ» ብሎ ቢቀመጥ ላሚቱ ባልዲውን ረግጣ አዲሱ ሱሪው ላይ ደፋችበት። ሁለቱ እየተደጋገፉ ሲስቁ እንግዳው ሁሉ እነሱን ፍለጋ ወጣ።