በሠላሳ ሰባት የተወለዱት እትዬ ፀሐይወርቅ

እትዬ ፀሐይወርቅ ምጽዋ፣ የባሕር ኃይል ሆስፒታል ውስጥ ስምንት ዓመት በነርስነት አገልግለዋል። ስንቱን መርከበኛ አክመው ወደ መርከቡ መልሰዋል። እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አልወጡበትም፤ አለቃቸው "ሴት እዚያ ምን ትሠራለች?" እያለ ይከለክላቸው ነበር።

የልጅ ልጃቸው ሲና የአሜሪካ ባሕር ኃይል ገብታ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ተመደበች። በ2022 ሐምሌ ላይ "ቤተሰብ መጎብኘት ይችላል" ብላ ኮል ስታደርግላቸው፣ እትዬ ከሚኖሩበት ከኮሎምበስ ዳርቻ ከዎርዝንግተን፣ ለእኔ ለአገራቸው ልጅ ወዲያው ደወሉልኝ።

"ዳኛቸው፣ ከሪከንባከር ሥራህ ፈቃድ ውሰድ። ቨርጂኒያ ትወስደኛለህ።"

ትወስደኛለህ ወይ አላሉም።

ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ። መቼ ተወለዱ ስላቸው "በሠላሳ ሰባት" አሉኝ፤ 1937 ብዬ ጻፍኩ። ከኮሎምበስ ቀኑን ሙሉ ነድተን፣ አድረን፣ ጠዋት በሩ ላይ ስንደርስ ጥበቃው መታወቂያቸውን ከዝርዝሩ ጋር አመሳከረና ራሱን ነቀነቀ። መታወቂያው 1945 ይላል። ያኔ ገባኝ። እሳቸው የነገሩኝን የእኛን አቆጣጠር እንዳለ የፈረንጅ ፎርም ላይ አስፍሬዋለሁ።

ሲና ዩኒፎርሟን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች።

"ግራንድማ፣ አይ አም ሶ ሶሪ። ሊስቱ ተዘግቷል። ቪዲዮ እልክልሻለሁ።"

"ቪዲዮውን ለዳኛቸው ላኪለት። ስምንት ዓመት ያስረጀኝ እሱ ነው።"

"እትዬ፣ መኪናው ውስጥ ኤሲ አለ፤ እስቲ ቁጭ ይበሉ" አልኩ።

"አልቀመጥም። የዚህን ጥበቃ አለቃ ጥሩልኝ።"

ፀሐይ ላይ አርባ ደቂቃ ቆሙ። እኔ አጠገባቸው ሆኜ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። በመጨረሻ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ መኮንን መጣች። እትዬ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው፣ ሳይቸኩሉ ነገሯት።

"የእናንተ ዓመት 2022 ነው፤ የእኛ 2014። የተሳሳተው ይኼ ሰውዬ ነው። እኔ የባሕር ኃይል ነርስ ነበርኩ። ስምንት ዓመት መርከብ ከታች ሆኜ አይቻለሁ። ዛሬም ከታች አይቼ አልመለስም።"

ሴትዮዋ ስልኳ ላይ አቆጣጠራችንን ፈለገች። ከዚያ ዝርዝሩ ላይ 1937ን ሰርዛ 1945 ጻፈችና ፈረመችበት።

መርከቡ ውስጥ ያለው ደረጃ እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው። እኩሌታው ላይ እትዬ ጉልበታቸውን ይዘው ቆሙ።

"ግራንድማ፣ እንመለስ?" አለች ሲና ከኋላ።

"ከምታወሪ ግፊኝ።"

ላይ ወጣን። አውሮፕላን የሚነሳበት ሜዳ ዳር ያለው አይመስልም። አንድ መርከበኛ ወንበር አቀረበላቸው፤ አመስግነው አለፉት። ክንዴን ይዘው፣ ሁለት ጊዜ እያረፉ፣ ጫፉ ድረስ ሄዱ። ወደብ ላይ የቆሙትን ሰዎች ቁልቁል ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

"እነዚያ መርከበኞች ከዚህ ሆነው ሲያዩን" አሉ፣ "ይቺን እናህል ነበር ለካ።"