ታቢ የምትለው መስመር

ጀርሊን ሱማጋይሳይ ያቺን መስመር ስትሰርዛት እጇ እንኳ አልከበዳትም። ኧረ እንዲያውም ደስ ብሏት ነበር፤ ቤቱን ያጸዳ ሰው አሮጌ ጫማ አውጥቶ ሲጥል የሚሰማው ዓይነት ደስታ። አለቃቸው ጠዋት መጥቶ፣ "ይሄ የኮድ ላይብረሪያችን እኮ ሙዚየም ሆነ! ማንም ለማይከፍተው ብራውዘር የተሠራ መላ ሁሉ ተነቅሎ ይጣል" ብሎ ሄደ። እሷም ጃቫስክሪፕቱን ከላይ እስከ ታች እየወረደች፣ ለሞተ ብራውዘር የተጻፈውን ማባበያ አንድ በአንድ ትለቅመው ጀመር።

አንዷ መስመር ብቻ ግራ አጋባቻት። ስሟ ታቢ ይላል። ሥራዋ መጠበቅ ነው፤ ገጹ አዲስ ስም ከማውጣቱ በፊት ለዓይን ጥቅሻ ያህል ቆም ይበል ትላለች፣ ሌላ ምንም። ጀርሊን አየቻት፣ አየቻትና ሳቀች። "ታብ፣ አይ" ብላ አነበበቻት። ታብ የብራውዘሩ ታብ ነው፣ አይ ደግሞ ኮድ የሚጽፍ ሁሉ ሲቆጥር የሚጠቀምባት ፊደል። "ታብ ሊቆጥር ጀምሮ ሰልችቶት ትቶታል፤ ይሄ ሰነፍ!" አለች። ሰነፍ ያለችው ማኖንግ፣ ጋሼ እንደማለት፣ ፒዶን ነው፤ ላይብረሪውን ድሮ የጻፈውን፣ ከጎኗ የሚቀመጠውን ሰውዬ። ቢኖር ዞር ብላ ትጠይቀው ነበር፤ ያን ቀን ግን ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዷል። ሰረዘቻት፣ በራሷ ኮምፒውተር ሞከረችው፣ ምንም ነገር ዝንፍ አላለም። ላከችው።

እንግዲህ እዩት! የኢሎኢሎ ከተማ ልጅ፣ ቃሉን ጡት ስትጠባ ጀምሮ ስትሰማው ያደገች፣ ታብ አይ ብላ አነበበችው። ቀኑን ሙሉ ኮድ ላይ የተተከለ ዓይን የሰውን ቋንቋ ጭምር ኮድ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ምን ይደረግ።

ሳምንት እንዳለፈ ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። ኒንፋ ናት፤ ሃሮ ሰፈር ያለው የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ነርስ። የጀርሊን አባት፣ ታታይ ጎርጎንዮ፣ የሚታጠበው እዚያ ነው። መጠበቂያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለው ተራ የሚጠራ ስክሪንም የሚሠራው በእነሱ ላይብረሪ ነው፤ ስም ያወጣል፣ ስሙንም ጮክ ብሎ ይጠራል።

"ኢንዳይ፣ አንቺ ልጅ፣ ስክሪንሽ ሙታን እየጠራ ነው" አለች ኒንፋ።

"ምን?"

"ሙታን! መቃብር የገቡትን! መጀመሪያ የሞተ ሰው ስም ብልጭ ይላል፣ ድምፁም መጥራት ይጀምራል፣ ከዚያ መሃል ላይ ቁርጥ ብሎ ወደ ባለተራው ይዞራል። አንድ ሁለቴ ዓይኔ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ሰዉ አልነሳም አለኝ። ቶንዮን ግባ ብለው፣ 'ከማኤስትራ ፌሊሲታስ ቀጥሎ ተጠርቼማ አልነሳም፤ ሞኝሽን ፈልጊ' አለኝ።"

"በእኔ ኮምፒውተር ላይ እኮ ደህና ነው።" ይህቺን የማይላት ፕሮግራመር የለም።

"እንግዲያው ኮምፒውተርሽን ተሸክመሽ ነይና ለነሱ አሳያቸው!" ብላ ኒንፋ ጆሮዋ ላይ ዘጋችው።

ጀርሊን ሞተሯን አስነስታ ሄደች። አባቷ ተራው ጠዋት ነው፤ በዚህ ሰዓት ታጥቦ፣ ደክሞት፣ ቤት ገብቶ ተኝቷል። ጠዋት ራሷ አምጥታ በር ላይ አውርዳዋለች። ሁሌም በር ላይ ነው የምታወርደው። ስክሪኑን የሠራችው እሷ ሆና ፊቱ ተቀምጣ አታውቅም፤ ያ ቱቦ፣ ያ መርፌ፣ ያ የመድኃኒት ሽታ ያስፈራታል። አባቷም ያውቃል። "አንቺ ሂጂ፣ ሥራ ይረፍድብሻል" ይላታል፣ እሷም ታመሰግንና ትሄዳለች።

ክፍሉ ይበርዳል። ውጭ ያ ሁሉ ሙቀት እያለ ሰዎቹ ሹራብ ለብሰው፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጥለው በረድፍ ተቀምጠዋል። አንድም የሚያወራ የለም። ሁሉም ስክሪኑን ያያሉ፤ ግን እንደሚጠብቁት አይደለም፣ እንደሚፈሩት ነው። ጀርሊን ከጠረጴዛው ሥር አጎንብሳ ኮምፒውተሩን ስታየው ወሽመጧ ቁርጥ አለ። አቧራ የጠጣ፣ አንድ በጎ አድራጊ የሰጣቸው ጥንታዊ ሣጥን፤ ውስጡም ያ ማንም አይከፍተውም የተባለው ብራውዘር።

ጢንግ አለ ስክሪኑ።

ጽሑፉ ብልጭ አለ፤ ድምፁ፣ ያ ስሜት የሌለው የሴት ድምፅ፣ "ፌሊ" አለ። ቁርጥ። ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ "ቶንዮ ካባልፊን" አለ።

ክፍሉ ሁሉ አማተበ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ሹራቧን ፊቷ ላይ ሳበች። ቶንዮ፣ ኮፍያ ያጠለቀ ቀጭን ሰውዬ፣ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ "አቤት አልልም! አልሰማሁም!" አለ። የሞተ ሰው በተጠራበት አፍ ሲጠሩት አቤት ማለት እንደማይገባ ሁሉም ያውቃል። ጀርሊን ራሷ ፀጉሯ ቆመ። ማኤስትራ ፌሊሲታስ፣ አሮጊቷ መምህርት፣ ከአባቷ ጋር በአንድ ተራ የምትታጠብ ጓደኛው ነበረች፤ ለቅሶዋ ላይ አባቷን አድርሳ መልሳለች።

ወደ ጥግ ሄዳ ማኖንግ ፒዶ ጋ ደወለች።

"ማኖንግ፣ ያቺ ታብ አይ የምትለው ምን ነበረች?"

"የምን ታብ አይ?"

"ቲ፣ ኤ፣ ቢ፣ አይ።"

ሳቁ ስልኩን ሞላው። "አንቺ ከንቱ! ታቢ ናት እኮ! ታቢ-ታቢ! ኩይሳ አጠገብ ስታልፊ ምንድን ነው የምትይው?"

የጀርሊን ጆሮ ጋለ። ኩይሳ አጠገብ፣ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ሽንት ቢይዝ፣ ለማይታዩት "እባካችሁ አንዴ ዞር በሉልን" የሚባልበት ቃል ነው። የሚያምንም ይለዋል፤ አላምንም የሚለውም ቀስ ብሎ ይለዋል።

"ሰርዤያታለሁ" አለች።

ሳቁ ቆመ። "ክሊኒኩ ላይም?"

"ክሊኒኩ ውስጥ ነኝ።"

"ስሚኝ። ያ አሮጌ ብራውዘር ያየውን ስም አይረሳም። ከዝርዝሩ ብትሰርዢውም ሆዱ ውስጥ ያስቀረዋል። አዲስ ስም ስትሰጪው መጀመሪያ ያንን ያገሳና ነው አዲሱን የሚያወጣው። ለዓይን ጥቅሻ ብትጠብቂው ግን የድሮው ሳይታይ ያልፋል። ያቺ መስመር የምትጠብቀው ለዚያ ነው። እዚያ ቤት ደግሞ ከዝርዝር የሚሰረዘው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስጽፋት ፀጉሬ ቆሞ ነበር፤ ታቢ አልኳት። አትሳቂ።"

"አልሳቅኩም።" ጀርሊን ትንሽ ቀለል አላት። መናፍስት አይደለም፣ ብራውዘር ነው፤ በእሷ እጅ የሚስተካከል ነገር ነው። "የተሰረዘ ብቻ ነው የሚወጣው ማለት ነው? ዝርዝሩ ላይ ያለ ሰው አይወጣም?"

"በፍጹም። የተሰረዘ ብቻ።"

ጢንግ።

"ጎርጎ" አለ ድምፁ። ቁርጥ። "አሱንሲዮን ዲቪናግራሲያ።"

ጀርሊን ቀና ስትል የፊደሎቹን ጅራት ብቻ ነው ያየችው፤ ግን የራስን ስም ማን ይስታል። ሱማጋይሳይ፣ ጎርጎንዮ። ስልኩ ውስጥ ማኖንግ ፒዶ፣ "ሃሎ? ሃሎ?" ይላል። ጠዋት ሞተሩ ላይ ትከሻዋን ይዞ የመጣውን እጁን አሁንም የሚሰማት መሰላት፤ ማንን ነበር ያመጣሁት የሚል ሐሳብ መጣባት፣ መጥቶም አልሄድ አላት።

"ኒንፋ!" ብላ ጮኸች። "አባቴ! አባቴ ለምን ተሰረዘ?"

ኒንፋ ጓንቷን እያወለቀች መጣች። "ራሱ አሰረዘ እኮ፣ ኢንዳይ። ሁለት ተራ ሆነው። ባኮሎድ ከተማ ወንድምሽ ዘንድ እሄዳለሁ፣ እዚያ ክሊኒክ አገኙልኝ ብሎ፣ ማንጎ አምጥቶልን፣ ሁላችንንም ተሰናብቶ ነው የሄደው። አታውቂም እንዴ?"

"እኔ ወንድም የለኝም።"

ሁለቱም ተያዩ።

"ዛሬ ጠዋት በር ላይ አውርጄዋለሁ" አለች ጀርሊን። "እጁን አውለብልቦልኛል።"

የኒንፋ ፊት አመድ መሰለ። "ዛሬም አልገባም። ኢንዳይ፣ ሁለት ተራ ሳይታጠብ! ውሃው ሳንባው ላይ ይወጣል። ዛሬውኑ ወንበር ላይ ካልተኛ ነገ ምን እንደሚሆን እኔ አላውቅልሽም። ፈልጊው፣ ቶሎ በይ!"

የት? ቤት የለም፤ ለጎረቤቷ ልጅ ደውላ አስፈተሸች፣ በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ያን ጊዜ ቶንዮ ኮፍያውን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ፣ "ላ ፓስ ገበያ ሂጂ" አለ። "የጠዋቶቹ፣ የአባትሽና የጓደኞቹ፣ ወሬ እሱ ብቻ ነበር፤ ባቾይ፣ ያ የጉበት ኑድል ሾርባ። ጨው ነው፣ ጉበት ነው፣ አይነካም ተብለው፣ አራት ሰዓት ሙሉ ተጋድመው ስለ ባቾይ ያወሩ ነበር።"

"ማኖንግ" አለች መልሳ ደውላ፣ "መስመሯን አንተ መልሳት። አሁኑኑ!" ብላ ወጣች።

አባቷ ገበያው ውስጥ፣ ባቾይ ቤቱ ጥግ ላይ ነበር። ክሊኒኩ ስለሚበርድ ይዞት የሚሄደው ሹራብ እዚያው ቦርሳው ውስጥ አለ። እግሩ አብጦ ከነጠላ ጫማው ወጥቷል፣ ሲተነፍስ ትከሻው ይነሳል ይወድቃል። ጀርሊንን ክው ያደረጋት ግን ይሄ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ አራት ሳህን ባቾይ ቀርቧል። አንዱ ተበልቷል። ሦስቱ እንፋሎታቸው እንኳ አልቆ፣ ባዶ ዱካዎች ፊት ለፊት፣ ከነማንኪያቸው ተቀምጠዋል።

"መጣሽ?" አላት፣ እንደቀጠራት ሁሉ። ልትቀመጥ ዱካ ስትስብ እጇን ያዛት። "እዚያ ላይ አይደለም። የቴዮፊሎ ነው።"

ጀርሊን ወደኋላ አለች። ገበያው ይንጫጫል፣ የባቾይ ቤቱ ባለቤት ኑድል ታፈላለች፣ እዚያች ጥግ ላይ ግን እንደዚያ ክሊኒክ ብርድ ብርድ ይላል።

"ታታይ፣ ምን እያደረግክ ነው? ልትሞት ነው እኮ!"

"ጠሩኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ስሜ ሊጠራ ሲል የማኤስትራ ስም ተጠራ። መጣች ብዬ በሩን አየሁ። ቀጥሎ ቴዮፊሎ። ቀጥሎ ያ ዋሾ ሉዶቪኮ። አራት ሆነን አብረን ጀምረን እኔ ቀረሁ፣ ኢንዳይ። አሁን ግራና ቀኜ ያሉት ጆሯቸው ላይ ሽቦ ሰክተው የሚተኙ ልጆች ናቸው፣ ስማቸውን አላውቅም። አንቺ ከበር ትመለሻለሽ። ያኔ እነሱ ሲጠሩኝ..." ትንፋሽ አጠረው። "ምን ልበልሽ፣ ደስ አለኝ።"

ከበር ትመለሻለሽ ያላት ወቀሳ አልነበረም፤ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ነው ያለው። ጀርሊን ግን እዚያው ገበያ መሃል፣ ሰው አየኝ ሳትል፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"እኔ ነኝ" አለች። "እኔ ነኝ የጠራሁህ፣ ታታይ። አንዲት መስመር ሰረዝኩ፤ ምን እንደምትሠራ ሳላውቅ፣ ቃሏን አጣምሜ አንብቤ። ያ አሮጌ ብራውዘር የተሰረዙ ሰዎችን ስም ይተፋል፣ ሌላ ምንም አይደለም። እነሱ አይደሉም። የጠራህ የለም።"

እፎይ ይላል ብላ ነበር። እሱ ግን ሦስቱን ዱካዎች ተራ በተራ አያቸው።

"ማንም?"

"ማንም።"

"ማኤስትራም?"

ጀርሊን ራሷን ነቀነቀች። የአባቷ ፊት እንደዚያ ሲሆን አይታ አታውቅም፤ ድግስ ደርሶ፣ ለካ አልተጠራህም የተባለ ሰው ፊት። ጓደኞቹን ሁለተኛ እንደቀበረችበት ገባት። የቴዮፊሎን ሳህን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ ዱካው ላይ ቁጭ አለች፤ እሱም አልከለከላትም።

"ዛሬ አብሬህ እገባለሁ" አለች። "አራት ሰዓትም ይሁን ስምንት። የልጆቹንም ስም እንጠይቃቸዋለን።"

"መርፌውን ስታዪ ትወድቂያለሽ።"

"ልውደቃ! ሐኪም ቤት አይደል፣ ያነሱኛል።"

ሽማግሌው ሳቅ አለና ሳሉ አቋረጠው። የቀዘቀዙትን ሳህኖች አንዱን በአንዱ ላይ ደረደረ፣ ማንኪያዎቹንም ሰበሰበ።

"እነሱ ካልጠሩኝማ" አለ፣ "እዚህ ምን እሠራለሁ።"

ሊነሳ ሞከረና አቃተው። ጀርሊን በብብቱ ገብታ አቀፈችው። ሰውነቱ ውሃ ይዞ ከብዷል፤ ሁለተኛው ሙከራ ላይ ነው የተነሳው።